ጥርስ ባዳ ነውን?

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ። ሆድ ሲያዝን ጥርስ ይስቃልና፣ የውስጥን ኀዘን አይካፈልምና፣ ዘመድ አይደለም ማለታቸው ነው። እኔም ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው እውነት ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰው ነገር ግን ምሳሌውን ገልብጦ አሳየኝ። ጥርስ በተፈጥሮው ባዳ አይደለም፤ ባዳ ያደረግነው እኛ ነን። ከጥርሱም ጋር አብረን ባዳ ያደረግነው ሰው አለ። እርሱም ከአገር ቤት ፈልሶ ወይም ከጎረቤት አገር ተሰድዶ በአራዳችን መካከል የሚኖረው ሰው ነው።

ውድ አንባቢያን፤ መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወጣ፣ ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጓደኝነት ወይም ስለ አገር ፍቅር ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። እኔ ግን ከትምህርት ቤታችን ከመሰናበቴ በፊት ስለ ጥርስ ለመጻፍ ፈለግሁ። ርእሱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምተርከውን የቤታችንን ነገር አባቴና እናቴ አንብበው ፈቅደውልኛል። ነገሩ የደረሰባት ልጅም ስሟ እንዳይጻፍ ብቻ አሳስባ ፈቅዳለች።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። በ2016 ዓ. ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስና ዶሮ ማነቂያም ሲነሣ፣ የእኛ ግቢ ከተረፉት መካከል ሆነ። በዚህ ቤት ከእኛ ጋር ከጎጃም የመጣች የቤት ሠራተኛ ትኖራለች። ዕድሜዋ ከእኔ በአንድ ዓመት ብቻ ይበልጣል። ጧት እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እርሷ መጥረጊያ ይዛ ትቀራለች፤ ማታ ስመለስ እራት አቅርባ ትጠብቀኛለች።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ገደማ ጥርሷን ያማት ጀመር። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ብቻ ነበር። ኋላ ትኩስ ሻይም ያማት ጀመር፤ ቀጥሎም ምንም ሳይነካው ሌሊት ሌሊት ይነሣባት ጀመር። እናቴ ቅርንፉድ ሰጠቻት፤ አባቴ የራስ ምታት ክኒን ገዛላት፤ እኔም «በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ» ብዬ መከርኋት። እያንዳንዳችን አንዳንድ ነገር ስላደረግን፣ ሁላችንም ግዴታችንን የፈጸምን መሰለን። እናቴ ጧት «እንዴት አደርሽ?» ስትላት «ደኅና ነኝ እትዬ» ብላ ፈገግ ትል ነበር። እኛም ፈገግታዋን አምነን ወደየሥራችን እንሄድ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። በጥር ወር ለፈተና ስዘጋጅ፣ ሌሊት ከወጥ ቤት የእርሷን ማቃሰት እሰማ ነበር። ተነሥቼ «ምን ሆንሽ?» ማለት ሲገባኝ፣ ጥናቴን እንዳያቋርጥብኝ ብዬ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንሁ። ያን ሌሊት የማጠናው ስለ ሰው አካል የሚናገረውን የሥነ ሕይወት ትምህርት ነበር። በፈተናው ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የዕረፍት ሰዓቷ ያ ብቻ ነበርና፣ ለማንም ሳትነግር በሰፈር ጥርስ ይነቅላል ወደሚባል ሰው ሄደች። ሰውየው ሐኪም አይደለም። ጥርሱን በጉጠት ሲስበው ላዩ ተሰበረ፤ ሥሩ ከነመግሉ ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጉንጯ አበጠ። በአራተኛው ቀን እብጠቱ ወደ አገጯና ወደ አንገቷ ወረደ፤ አፏን መክፈትና ምራቋን መዋጥ ተሳናት።

በዚያ ሌሊት ፈጥነን የነቃነው ተምረናል የምንለው እኛ አልነበርንም። በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከኤርትራ በስደት የመጣች ሴት ናት። የልጅቱን አንገት በእጅ ባትሪ አይታ «ይህ የሚታደርበት አይደለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ቀድማን ወጣች።

በመጀመሪያ የደረስንበት የግል ክሊኒክ ተዘግቶ ነበር። በሁለተኛው በቅድሚያ የሚከፈለውን ሲነግሩን አባቴ ኪሱን ዳበሰ። በመጨረሻ ከመንግሥት ሆስፒታል ደረስን። በካርድ ክፍሉ መስኮት በመጀመሪያ የተጠየቅነው መታወቂያዋን ነበር። መታወቂያ የላትም። ከአገሯ ስትወጣ መሸኛ አልያዘችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ስትኖርም እኛ አላወጣንላትም። አባቴ በራሱ መታወቂያ ዋስ ሆኖ አስገባት። ሐኪሞቹ መግሉን አፈሰሱ፤ የቀረውን ሥር አወጡ፤ ስድስት ቀንም በመርፌ መድኃኒት እየታከመች ተኛች። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ያከመቻት ወጣት ዶክተር ግን እናቴን ወደ ጎን ወስዳ «ነገ ብትመጡ ኖሮ መተንፈሻዋ ሊዘጋ ይችል ነበር» አለቻት። እናቴ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ቃል ያጥራታል።

ኋላ ሒሳብ ሠራሁ። ጥርሷ ገና ሲጀምራት ቢሞላላት ኖሮ ዋጋው ከአንድ ወር ደመወዟ አይበልጥም ነበር። በመጨረሻ የወጣው ገንዘብ ግን ከሰባት ወር ደመወዟ በላይ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ በአማርኛ ደብተራችን ስንት ጊዜ ጽፈነዋል!

ለመሆኑ የጥርስ ሕመም እንዲህ እስከ ሞት ደጃፍ የሚያደርሰው እንዴት ነው? የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰው አካል ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከአጥንትም ይበልጣል። ነገር ግን አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ የጥርስ ሽፋን አንድ ጊዜ ከተቦረቦረ መልሶ አይበቅልም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቀዳዳው በሽፋኑ ላይ ብቻ ሳለ ሕመም ስለሌለ ሰው አያውቀውም። ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ይቀሰቅሰዋል። ነርቭና ደም ሥር ካለበት ሲደርስ እንቅልፍ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ነርቩ ይሞትና ሕመሙ ለጊዜው ጸጥ ይላል። ድሀ ሰው «ተወኝ» ብሎ የሚያመሰግነው በዚህ ጊዜ ነው፤ መግሉ ግን በአጥንቱ ውስጥ መንገዱን ጀምሯል። እንዲሁም ጥርስ ነቃዩ ጉጠቱን በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሙቀት ካላጸዳው በቀር፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። በውሃ ማለቅለቅ ብቻ ማጽዳት አይደለም።

ከዚህ በኋላ በሰፈራችን ስመላለስ ዓይኔ የሚያየው ሌላ ሆነ። ከጊዮርጊስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው መንገድና በአካባቢው፣ ነጭ ጥርስ የተሣለባቸው የክሊኒክ ሰሌዳዎች አሉ። ከሰሌዳዎቹም ሥር ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ተሸካሚውና መኪና ጠባቂው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከወሎ፣ ከጎጃምና ከሌላም አገር የመጡ ናቸው። አንዱን ሊስትሮ «ጥርስህን ሲያምህ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጫማዬን መቦረሹን ሳያቋርጥ «እስኪተወኝ እሠራለሁ» አለኝ። ከራሱ በላይ ስላለው ሰሌዳ ስጠይቀው፣ ቀና ብሎ አየና «እርሱ የሰው ነው» አለ። ይህን ቃል አልረሳውም። በከተማችን ከአንድ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ፣ ከግድግዳው በላይ ያለው የሌላ ሰው አገር ነው።

በሌላ በኩል በቤታችን የሆነውን ልጨምር። አክስቴ በአሜሪካ በሜሪላንድ ትኖራለች። ለገና መጥታ ሳለች፣ በዚሁ በፒያሳ ሦስት ጥርሷን አሠርታ ሄደች። በዚያ አገር የጥርስ ሕክምና ከሌላው ሕክምና ተለይቶ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መንግሥት ለአረጋውያን ያቋቋመው የሕክምና መድን እንኳ በመደበኛው ጥርስ መሙላትንና ማጠብን አይከፍልም። ስለዚህ ከአገሯ የተሰደደችው አክስቴ ለጥርሷ ውቅያኖስ ተሻግራ ትመጣለች፤ ወደ ፒያሳ ፈልሳ የመጣችው ልጅ ግን ለጥርሷ መንገዱን መሻገር አልቻለችም። ሁለቱም በአንድ ማዕድ ቀርበዋል፤ አንደኛዋ ስትበላ ሁለተኛዋ ወጥ ታወጣ ነበር። ሁለቱም ስደተኞች መሆናቸውን ያን ጊዜ ከእኛ ማንም አላስተዋለም።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፤ «የራሳችን ድሀ ሳይታከም ስለ ስደተኛ ጥርስ መናገር ቅንጦት ነው» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ለዚህ የምሰጠው መልስ በመጀመሪያ ከሰፈራችን ታሪክ ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በ1928 ዓ. ም. የገባው ጠላት ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ ከማዛወሩ በፊት፣ የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ዙሪያ ሲደራ፣ ከሰላሌና ከመንዝ፣ ከጉራጌና ከጅማ የመጣው ነጋዴ ከአርመኑ፣ ከግሪኩ፣ ከህንዱና ከየመን ዓረቡ ጋር በአንድ ቦታ ይሸጥና ይገዛ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የማርሽ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙባቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የያን ዘመን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። እንግዲህ አራዳ እንግዳን ተቀብላ የከሰረችበት ዘመን አልነበረም።

ሁለተኛው መልሴ ከሕጋችን ነው። ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን አስጠግታለች። አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ሲሆኑ፣ የሚኖሩትም በጠረፍ አካባቢ ባሉ ሰፈሮች ነው። በ2002 ዓ. ም. ኤርትራውያን ከመጠለያ ሰፈር ውጪ እንዲኖሩ ከተፈቀደ ወዲህ ብዙዎች በአዲስ አበባ ይኖራሉ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ በአገሪቱ የሚገኘውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚሰጠው «የሚገኘውን» ነው። ለአገሬው ድሀ የማይገኘው ነገር ለስደተኛውም አይገኝም። ጎረቤታችን የሚያማት ጥርስ እንዲሞላላት በጠየቀች ጊዜ «መንቀል እንጂ መሙላት የለም» ተብላ ተመልሳለች። «በመንገድ ሁለት ጥርስ ጣልሁ፤ ሦስተኛውን እዚህ ሰጠሁ» ብላ ስትነግረን በሳቅ ነበር። ስለዚህ የጎጃሟ ልጅና የአስመራዋ ሴት በአንድ ጠባብ በር ተሰልፈው የቆሙ ናቸው። በሩን ለአንዷ ማስፋት ለሁለቱም ማስፋት ነው፤ አንዷን ከሌላይቱ ማጣላት ግን በሩን አያሰፋም።

«ከዚህ የባሰ ስንት ገዳይ በሽታ አለ» የሚልም ይኖራል። አለ፤ አልክድም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ. ም. በኅዳር ወር ባወጣው መግለጫ፣ የአፍና የጥርስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች 3.5 ቢሊዮን ያህል እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ከአራቱ ሦስቱ የሚኖሩት መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ገልጿል። ድርጅቱ በ2014 ዓ. ም. ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከዋና ዋና አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። የዓለምን ግማሽ ያህል የያዘ በሽታ ትንሽ ነው ማለት፣ ሕመሙን ያልቀመሰ ሰው ንግግር ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ለዚህ ነው።

የስደተኛን ጥርስ ከሌላው የሚለይ ነገርም አለ። ሰው ሲፈልስ ጥርሱን ይዞ ይመጣል፤ የመጣባት አገር ግን ትወስድበታለች። በግንቦት ወር 1983 ዓ. ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። በዚያ አገር ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የመጡትን ልጆች ሲመረምሩ፣ አዲስ የገቡት ልጆች ጥርስ ብዙ ያልተበላ ሆኖ አግኝተውታል፤ በዚያ የኖሩበት ጊዜ ሲረዝም ግን የተበላው ጥርስ ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገጠር የወይራ መፋቂያ አለ፤ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ግን ብርቅ ነው። ከተማ ሲገባ መፋቂያው ይቀራል፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በቀን አራት ጊዜ ይጠጣል፤ ሆድን ለማታለል ከምግብ ይልቅ ርካሹ እርሱ ነውና። የእኛም ልጅ ወደ ቤታችን ስትመጣ ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ እንደነበረ እናቴ ትመሰክራለች።

እንዲሁም ሐኪሞቹ በአንዳንዶቹ ሕፃናት አፍ ውስጥ የክራንቻ ጥርስ ጉድለት አግኝተዋል። ይህ የመጣው በአገራችን «ግግ» ተብሎ፣ የሕፃን ድድ ተቧጥጦ ገና ያልወጣው ጥርስ ከሚነቀልበት ልማድ ነው። ተቅማጥና ትኩሳት በዚህ ይድናል ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን አያድንም፤ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል ያጋልጣል። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም የሕፃናትን ጥርስ መንቀልን ከጎጂ ልማዶች መካከል ቆጥሮታል። ልማድም ከሰው ጋር ይሰደዳል፤ ስለዚህ ፈልሶ ለመጣ ሰው ሕክምና ብቻ ሳይሆን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ ንግግሬ ወደ እናንተ ወደ ክፍል ጓደኞቼ ነው። ከመካከላችን ጥርሳቸው ቡናማ ስለሆነ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ አሉ። «ጥርሱን አይታጠብም» እያልን ስናሾፍባቸው ሰምቻለሁ፤ እኔም አሹፌያለሁ። እውነቱ ግን ይህ ነው። በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ፣ በወንጂና በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ የሆነውን ውሃ በልጅነቱ ለብዙ ጊዜ የጠጣ ሰው ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሲሠራ ይለውጠዋል። ምንም ቢፋቅ አይለቅም። በ1946 ዓ. ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከልዩ ልዩ አገር ለእንጀራ ወደዚያ የፈለሱ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ይህን ውሃ ጠጡ፤ የብዙዎቹ ጥርስ በለዘ፤ ከሠራተኞቹም ለብዙ ዓመት ጠጥተው አጥንታቸው የደነደነና ወገባቸው የጎበጠ አሉ። ለሻያችን ስኳር ያበቀሉልን ሰዎች ልጆች ናቸው። በእነርሱ ጥርስ የሳቅን ሁላችን ይቅርታ ልንጠይቅ ይገባናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅሬታን ብቻ ጽፎ መሰናበት ቀላል ስለሆነ፣ የሚቻለውን እንደ ችሎታዬ ልናገር። ወርቅ ጥርስና ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሁሉ በነጻ ይሰጥ አልልም። እንግሊዝ እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1948 የጥርስ ሕክምናን ለሕዝቧ ሁሉ በነጻ ከፍታ፣ ሕዝቡ ስለ ጎረፈ ወጪው ከብዷት በ1951 ለሰው ሠራሽ ጥርስ ማስከፈል ጀምራለች። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ሕመም እንዲታገሥ፣ መግል እንዲፈስ፣ ትንሽ ቀዳዳም ትንሽ ሳለ እንዲሞላ ነው። ይህንንም ለማድረግ ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታንዛንያ፣ የተበላውን ክፍል ያለ መብራት በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በሚጣበቅ ሙሌት የሚደፍን ዘዴ ተጀምሮ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። አፍሪካ ውስጥ ለአፍሪካ ድሀ የተፈጠረው ዘዴ በየጤና ጣቢያችን ቢለመድ ምን ያስነውራል?

ለጤና ጣቢያ አስተዳዳሪዎች የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሕመም ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ስለ ሕመሙ፣ ኋላ ስለ መታወቂያው ይጠየቅ። ሁለተኛው፣ የጥርስ ክፍሉ ቢቻል በእሑድ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ የራሱ የሆነ ጊዜ ያ ብቻ ነው። ሐኪም በሌለበት እሑድ ክፍት ሆኖ የሚጠብቃቸው ያ ጉጠት የያዘው ሰው ነው። እንዲሁም በ2003 ዓ. ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚመዘግበው ነዋሪን በቤተሰቡ ስለሆነ፣ ብቻውን ፈልሶ የመጣ፣ የነዋሪነት መታወቂያም የሌለው ሰው ከደጅ ይቀራል። ለእርሱም የሚገባበት መንገድ ቢታሰብለት መልካም ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ለእናንተ የምለው ከሁሉ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ከራሴ ቤት ስለምጀምር ግን ይቅር በሉኝ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አሠሪ ከእርሱ ቤት የሚያኖራትን ሠራተኛ ጤና መጠበቅ ግዴታው መሆኑን ይናገራል። ይህን ያነበብሁት ልጅቱ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። ሕጉ ከወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በቤታችን ግን ያወቀው አልነበረም። ስለዚህ ሠራተኛ በቤታችሁ በገባች በመጀመሪያው ወር መታወቂያዋን አውጡላት፤ ጥርሷንም አስመርምሩላት። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናና ብሩሽ ከልጆቻችሁ ጋር እኩል ግዙላት። በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽና ስኳር መቀነስ ሁሉም ቤት የሚችለው ሕክምና ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር «እንዴት አደርሽ?» ብላችሁ ስትጠይቋት መልሱን ቆማችሁ ስሙ።

ለትምህርት ቤታችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የጤና ክበባችን በዓመት ሁለት እሑድ ለሰፈራችን ሊስትሮዎችና ሠራተኞች በግቢያችን ስለ ጥርስ አጠባበቅ ትምህርት ይስጥ፤ ፈቃደኛ የጥርስ ሐኪሞችም አፋቸውን እንዲያዩላቸው ይጋብዝ። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ጋምኛና ትግርኛ የሚችሉ ስላሉ አስተርጓሚ አይጠፋም። በተማሪ እጅ በሽታ ሁሉ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሊስትሮው ስለ ሰሌዳው «እርሱ የሰው ነው» ያለውን ቃል ጥቂት ልናስረሳው እንችላለን።

የእኛ ልጅ ዛሬ መታወቂያ አላት፤ እሑድን ሙሉ ታርፋለች፤ ከመስከረም ጀምሮም የማታ ትምህርት ገብታለች። የተነቀለው ጥርሷ ግን አይመለስም፤ በአገጯም ሥር መግሉ የፈሰሰበት ትንሽ ጠባሳ አለ። አንድ ማታ የሥነ ሕይወት ደብተሬን አንሥታ የጥርስን ሥዕል ስታይ ቆየችና «ይህን ያን ጊዜ ታውቀው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን፤ አውቀው ነበር» አልኋት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ጎረቤታችንም የምትሞላ አንዲት ጥርስ ቀርታታለች። እናቴ በሚመጣው ቅዳሜ አብራት ልትሄድ ቀጠሮ ይዛለች፤ ወጪውንም ግቢያችን አዋጥቶታል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በከተማችን ካለው ሕመም ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ቢሆንም ጥርስ ባዳ የሚሆነው ዘመድ ሲያጣ ብቻ መሆኑን በግቢያችን ተምረናል። በየግቢው እንዲሁ ቢማሩት፣ አባቶቻችን የተዉልንን ምሳሌ ልጆቻችን በሌላ መልክ ይናገሩት ይሆናል።